ጧሪ፣ ቀባሪና አጫዋች

እናቴ «መጦሪያ ቤት ልገባ ነው» ያለችኝ ዕለት መጀመሪያ ያሳሰበኝ የእሷ ነገር አልነበረም፤ የጎረቤት አፍ ነበር። አራት ልጅ ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ድራና ኩላ መጨረሻዋ መጦሪያ ቤት ሆነ አይባልም? ቀጥለው የታሰቡኝ አሜሪካ ያሉት ሁለት እህቶቼ ናቸው። «አንተ እዚያው አጠገቧ ተቀምጠህ!» ሲሉኝ ገና ሳልደውልላቸው ተሰማኝ። እናቴ ራሷ ትዝ ያለችኝ በሦስተኛ ደረጃ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያልሆነውን ሆነ ብዬ ብጽፍ ግን የባሰ አፍራለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እናቴ ልደታ አካባቢ ከአርባ ዓመት በላይ ኖራለች። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ አራተኛ ፎቅ። ቤቱ ከድሮው ቤታችን ይሻላል። ውኃው እቤት ውስጥ ነው፣ መጸዳጃው እቤት ውስጥ ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። የሌለው ነገር ሊፍት ነው። ጉልበቷ ደህና በነበረበት ጊዜ ደረጃው አልታወቀንም። ጉልበቷ ሲደክም ግን ቤተ ክርስቲያን መሄዷ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ በወር አንዴ፣ ከዚያ ለበዓል ብቻ ሆነ። የልደታ ቡና ጓደኞቿ አንዷ ጀሞ ደርሷታል፣ አንዷ ሰሚት። አንዷ አርፋለች። ድሮ በአጥር ላይ ይጠራሩ የነበሩ ሴቶች አሁን ለመገናኘት ሁለት ታክሲ ይይዛሉ፤ ሁለት ታክሲ የሚይዝ ጉልበት ግን አንዳቸውም የላቸውም።

ምን ጎደላት? እህቶቼ በየወሩ ይልካሉ፤ ዱባይ ያለው ወንድሜ ቴሌቪዥን ገዝቶላታል፤ ሠራተኛ አለቻት፤ እኔም ማታ ማታ ብቅ እላለሁ። ቡናው ይፈላል። ልጅቷን «ቁጭ በይና ጠጪ እንጂ» ትላታለች። ልጅቷ ትቀመጣለች፤ ዓይኗ ግን ስልኳ ላይ ነው። አይፈረድባትም፤ የሃያ ዓመት ልጅ ከሰማንያ ዓመት ሴት ጋር ስንት ሰዓት ታወራለች? እናቴ አንድ ቀን ሦስተኛውን ሲኒ ሳትነካው አስቀምጣ «በረካው እኮ ሰው ይፈልጋል» አለችኝ። ሰማኋት። ግን ምንም አላደረግሁም።

የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ ድግሱን ትተን ምሳውን ለአረጋውያን ማብላት ይሻላል ተባባልንና ከተማው ዳር ወዳለ አንድ መጦሪያ ወሰድን። ሰው ደግፈን እናቴንም አወረድናት። ወጡ ተከፋፍሎ ሳያልቅ እሷ አንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀምጣ ወሬ ጀምራለች። ስለ ምን እንደነበር በኋላ ነገረችኝ፤ በንጉሡ ጊዜ የአንድ ዳቦ ዋጋ ስንት ነበር በሚለው ተከራክረው ነው። ልንሄድ ስንነሳ ክርክሩ አላለቀም። በሳምንቱ «ውሰደኝ» አለች። በሌላው ሳምንትም። ሦስት ወር እንዲህ ከቆየን በኋላ ነው «ልገባ ነው» ያለችው።

«እማዬ፣ ይሄ የፈረንጅ ነው፤ ከባህላችን ውጪ ነው» አልኳት።

«ባህሉን አንተ ልትነግረኝ?» አለችኝ።

ክርክሩን ለማሸነፍ ብዬ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። መጦሪያ የሚባለው ነገር ከየት መጣ? የእኛ አዛውንቶች ድሮ የት ነበር የሚጦሩት? ማስረጃዬን ሰብስቤ «ይኸውልሽ» ልላት ነበር ዓላማዬ። ያገኘሁት ግን ሌላ ሆነ።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብለን የተመረቅን ሕዝብ ነን። ልጅ የሚወለደው ለሁለት ነገር ነው፤ በእርጅና ለመጦር፣ በሞት ለመቀበር። ልጅ የሌለው ወይም ልጆቹ የራቁበት የገጠር አዛውንትስ? ለእሱም መላ ነበረው። አጠገቡ ሆኖ የሚጦረውን ሰው ይፈልግና መሬቱን ያወርሰዋል። ጧሪው የሥጋ ዘመድ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ «ድሮ የሚጦረው የወለደው ብቻ ነበር» የምንለው ነገር ከሥሩ ልክ አይደለም። ባዕድ ሰው ሲጦር ኖሯል፤ ውሉ ነውር አልነበረም።

ሁለተኛው መንገድ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን የዳረች ሴት ቆብ ትጭንና በደብሩ ወይም በገዳሙ አጠገብ ጎጆ ትቀልሳለች። ከእሷ ቀደም ብለው የመነኮሱ ሴቶች አሉ፤ አብረው ያስቀድሳሉ፣ አብረው ይፈትላሉ፣ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ውኃ ታቀብላለች። እቴጌ ጣይቱ ብጡል እንኳ ከቤተ መንግሥት ከወጡ በኋላ የመጨረሻ ዓመታቸውን ያሳለፉት እንጦጦ ማርያም ነው፤ በ1910 ዓ.ም. ያረፉትም እዚያው ነው። ልብ በሉልኝ፤ የመነኮሰችን እናት «ልጆቿ ጣሏት» ያለ ሰው የለም። እንዲያውም «ታደለች» ነበር የሚባለው። አሮጊቶች ከቤታቸው ወጥተው ከእኩዮቻቸው ጋር አንድ ግቢ መኖራቸው አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው።

መጦሪያ ቤት ራሱስ የፈረንጅ ነው? እዚህ ላይ ነው የባሰ የተሸነፍኩት። በየቤተ ክርስቲያናችን «ቅዳሴ ባስልዮስ» ሲቀደስ እንሰማለን። ይህ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ነው። ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር በምትገኘው በዚያች ከተማ ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. በ370ዎቹ፣ ለድሆች፣ ለሕሙማን፣ ለመንገደኞችና ለደካሞች የሚሆን ትልቅ የመኖሪያ ግቢ ሠራ። በስሙ «ባሲልያስ» ተባለ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ በባስልዮስ መታሰቢያ ንግግሩ ላይ ይህን ግቢ «አዲስ ከተማ» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ በቢዛንታይን ግዛት ለአረጋውያን ብቻ የተለዩ ቤቶች ተበራከቱ። እ.ኤ.አ. በ1136 ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 2ኛ ኮምኔኖስ በቁስጥንጥንያ ላቋቋመው የጰንጦክራቶር ገዳም የተጻፈው ደንብ ዛሬም አለ፤ 50 አልጋ ያለው ሆስፒታልና 24 አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት እንዲኖረው ያዛል። «የፈረንጅ ነው» ያልኩት ነገር እናቴ በየበዓሉ ከምትሰማው ቅዳሴ ስም አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

ታዲያ ይህ ክፉ ስም ከየት መጣ? ከፊሉ በእርግጥ ከአውሮፓ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1834 ባወጣችው የድሆች ሕግ ችግረኛ ሰው እርዳታ የሚያገኘው «የሥራ ቤት» በሚባል ግቢ ከገባ እንዲሆን አደረገች። ግቢው ሆን ተብሎ እንዲያስጠላ የተዘጋጀ ነበር፤ ሰነፍ እንዳይለምደው ተብሎ። ወንድ በአንድ በኩል፣ ሴት በሌላ በኩል። አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በሩ ላይ ይለያያሉ። ጩኸቱ ሲበዛ በ1847 ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ባልና ሚስት አንድ መኝታ ክፍል መጠየቅ እንዲችሉ ተፈቀደ። ምግብ ነበር፣ ጣሪያ ነበር፣ ልብስም ነበር። የተነጠቀው ነገር አጠገብ ያለ ሰው ነው። መጦሪያ ቤትን የሰው መጣያ ያስመሰለው አንዱ ይህ ነው።

በዚያው አውሮፓ ግን ተቃራኒው ታሪክም አለ። ጁዜፔ ቬርዲ የተባለው ጣልያናዊ የሙዚቃ ሊቅ ሲያረጅ ሀብታም ነበር፤ አብረውት የዘፈኑና የተጫወቱ ብዙ ሙዚቀኞች ግን እንደሱ አልቀናቸውም። ሚላኖ ከተማ ላይ ቦታ ገዛና ካሚሎ ቦይቶ በተባለ አርክቴክት ለሽማግሌ ሙዚቀኞች የሚሆን ቤት አሠራ። ሰው እንዳያመሰግነው ብሎ እሱ ሳይሞት እንዳይከፈት አደረገ። እ.ኤ.አ. ጥር 1901 አረፈ፤ ቤቱ በጥቅምት 1902፣ በልደቱ ቀን፣ ዘጠኝ እንግዶች ተቀብሎ ተከፈተ። እስከ ዛሬም አለ። የቬርዲ ኦፔራዎች ገቢ ለአሥርት ዓመታት ይህን ቤት ሲያስተዳድር ኖሯል። ከኦፔራዎቹ አንዱ በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «አይዳ» ነው፤ በግብፅ ስለተማረከች ኢትዮጵያዊት ልዕልት የሚተርክ። በድርሰት የተፈጠረች የእኛ ልዕልት ሚላኖ ላይ ሽማግሌ ስትጦር ኖረች ማለት ነው! ቬርዲ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚወደው ይህን ቤት እንደነበር ይነገራል።

እኔን የገረመኝ ገንዘቡ አይደለም። ሰውየው ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ሙዚቀኛ ተቆራጭ አድርጎ ማለፍ ይችል ነበር። አንድ ላይ አኖራቸው። የድሮ ዘፋኝ የዱሮ ድምፁን የሚያስታውስለት ሰው ያስፈልገዋል። ያንን ደግሞ ደመወዝ የተከፈላት አስታማሚ ልታደርግለት አትችልም፤ አልሰማችውምና።

ወደ እኛ ልመለስ። በአገራችን የእርጅና ነገር ወደ መንግሥት እጅ የገባው ዘግይቶ ነው። ድሮ ለአገልጋይ የሚሰጠው መሬት ነበር፤ ማደሪያ። በ1953 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ተጠናከረ። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ እስኪወጣ ደግሞ እስከ 2003 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረብን። ጥሩ ሕጎች ናቸው፤ ስንቱን ከልመና አድነዋል። ግን ቃሉ ላይ ምን እንደተፈጠረ እዩ። «ጡረታ» መጦር ከሚለው የመጣ ነው፤ መጦር ደግሞ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። ዛሬ «ጡረታ» ስንል የምናስበው ብር ነው። ጧሪው ሰው መሆኑ ቀርቶ በየወሩ የሚሰለፉለት መስኮት ሆነ።

የቤተሰብ ሕጋችንንም አየሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላሉ። ቀለብ ማለት ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስና ሕክምና ነው። አነበብኩና እፎይ አልኩ። ምግብ አለ፣ መኖሪያ አለ፣ ልብስ አለ፣ ሕክምና አለ። በሕግ ብከሰስ ነፃ ነኝ። ግን እኮ እናቴ የከሰሰችኝ በዚህ አይደለም።

መጦሪያ ቤቶቻችን ደግሞ የተቋቋሙት በአብዛኛው ለባሰባቸው ነው፤ ጎዳና ላይ ለወደቁት፣ ማንም ለሌላቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የእማሆይ ትሬዛ ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ቤት ሲከፍት የተቀበለው በሞት አፋፍ ላይ ያሉ ድሆችን ነው። በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ የመሠረተው ሜቄዶንያም አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሳ ነው ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጠለያ የሆነው። የሚመሰገን ሥራ ነው። በዚህ የተነሳ ግን በአእምሯችን ውስጥ መጦሪያ ማለት «ሰው የሌለው» የሚገባበት ቦታ ሆኖ ቀረ። እናቴ ሰው አላት። ስለዚህ አይገባትም አልኩ። አንድ ጥያቄ ግን ሳልጠይቅ ዘለልኩ፤ ሰው አላት ማለት የት ነው ያለው? ሜሪላንድ? ዱባይ? ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በር አንኳኩቶ ራት በልቶ የሚሄደው?

ብቸኝነት የፈረንጅ በሽታ ነው እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ሪፖርት እንዲህ አይልም። በዓመት ከ871,000 በላይ ሞት ከብቸኝነት ጋር እንደሚያያዝ ይገልጽና፣ ብቸኝነት ይሰማናል የሚሉ ሰዎች በድሃ አገሮች 24 በመቶ ያህል፣ በሀብታም አገሮች 11 በመቶ ያህል እንደሆኑ ያስቀምጣል። እጥፍ ማለት ነው። «እኛ እኮ ማኅበራዊ ኑሮ አለን» እያልን ራሳችንን የምናጽናናው ከድሮ ሰፈራችን ጋር የቀረ ነገር ይዘን ይሆን?

ክርክሩን እንዲህ ተሸነፍኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረኝ። «እዚያ ያሉት ሴትዮ ምን ሰጡሽ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ስሜን ትጠራኛለች» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ለእኛ እማዬ ናት። ለኮንዶሚኒየሙ ልጆች እማማ ናት። ለሠራተኛዋ እትዬ ናት። ክሊኒክ ስትሄድ ወይዘሮ ናት። ስሟን ባዶውን፣ ያለ ማዕረግ፣ ልክ በልጅነቷ እንደሚጠሯት የሚጠራት ሰው በዚህች ከተማ ውስጥ አልቀረም ነበር። እኩያ ማለት ይህ ነው። እኔ ብሞት አላደርገውም።

ገባች። የሁለት ሰዎች ክፍል ነው፤ ከሴትየዋ ጋር። በየወሩ የሚከፈለውን አራታችን ተካፈልነው። እህቶቼ ለሁለት ወር አኮረፉኝ። ታናሽቱ ግን በቪዲዮ ስትደውል ሁለቱ ስለ ቡና አቆላል ሲጨቃጨቁ አየችና (አንዷ ጠቆር ያለ፣ አንዷ ደመቅ ያለ ነው የሚወዱት) ስቃ ስቃ አለቀሰች። ቤቱ እንከን የለውም አልልም። ምግቡ ጨው ያንሰዋል ትላለች። ሌሊት የሚጮኹ አሉ። ደረጃ ግን የለውም። ጠዋት በሩን ከፍታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ትሞቃለች። እኔም ከድሮው ይልቅ ብዙ ጊዜ እሄዳለሁ፤ ድሮ ማታ ሄጄ ሰዓቴን አያለሁ፣ አሁን እሑድ ሄጄ ወሬያቸውን አዳምጣለሁ። የዳቦው ክርክር ዛሬም አላለቀም ነበር፣ እስከ ባለፈው ጥር።

በጥር ሴትየዋ አረፉ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ቅርብ ዘመድም አልተገኘም። እናቴ በስልክ ጠራችኝና «ሂድና የዕድሬን ድንኳን አምጣልኝ» አለችኝ። የልደታው ዕድር ሰፈሩ ቢፈርስም አልፈረሰም፤ ዛሬም በየወሩ ትከፍላለች። ዕድር በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ የተስፋፋ፣ አገር ጥሎ የመጣ ሰው እንዳይወድቅ ቀባሪ የሆነለት ተቋም ነው። ዳኛው ጋ ሄድኩ። መዝገባቸውን አወጡ።

«ሟች ለእናትህ ምን ናቸው?»

«ጓደኛ።»

በጣታቸው ዝርዝሩን ወረዱበት። ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም፣ አማት። ለእያንዳንዱ የሚከፈለው ብር ተጽፏል። ጓደኛ የሚል የለም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁና ዝም ብለው ቆዩ። «ደንቡ ላይ የለም» አሉ። «ብሩን መስጠት አልችልም። ድንኳኑን ግን ጫን።»

ሰው መጣ። ከጀሞም መጣ፣ ከሰሚትም መጣ። የድሮዎቹ የልደታ ሴቶች በልጆቻቸው ተደግፈው ከየታክሲው ሲወርዱ አየሁ። ድንኳኑ ውስጥ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ነበረች። የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» የሚለው እሷን ነው። የማታውቃትን ሴት ዘመድ ሆና አስቀበረች። ሴትየዋ ጧሪ ቀባሪ የላቸውም ተብለው ነበር መጦሪያ የገቡት።

ሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አልጋው ባዶ ነው። ሲኒው ረከቦቱ ላይ ተደፍቷል። «እማዬ፣ አሁንስ ወደ ቤት ትመለሻለሽ?» አልኳት። የምትስማማ መስሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንድትስማማም ፈልጌ ነበር።

«የምን ቤት?» አለችኝ። «ከወሎ የመጣች አንዲት ሴትዮ ትናንት ገብታለች። በሩ አጠገብ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። ገና ቡና አልጠጣንም።»

ከዚያ ሲኒዎቹን ይዛ እንድደግፋት እጇን ዘረጋችልኝ።